ለእድራችን ዌብሳይት 120 ሺህ ብር ተጠየቅን፤ ልክ ነው?

የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። 63 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ላይ መጻፍና ኢሜይል መላክ አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ አትጠብቁብኝ።

የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ የነበረ እድር ነው። «የነበረ» ስል እድሩ አልፈረሰም፤ ሰፈሩ ነው የተነሳው። በ2016 ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ 214 አባል እንደ ጨው ዘር ተበተነ። አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ ሰሚት ልጁ ጋ። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊያችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ዞረው ይለፍፉ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳን ይተከላል። አሁን ፒያሳ ቆመው ቢነፉ ማን ይሰማል? እሳቸውም አርጅተዋል። ጥሩምባው እኔ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ የሚወርደው ባለቤቴ አቧራ ስትጠርግ ብቻ ነው።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል ተነሳና «ዘመኑ የዌብሳይት ነው» አለ። ተጨበጨበ። ጸሐፊ በመሆኔ ሥራው እኔው ላይ ወደቀ። ይህን የሚሠራ አንድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ቡና ጋበዙኝ፣ በትልቅ ቲቪ ቆንጆ ቆንጆ ገጽ አሳዩኝ፣ ከዚያ ፕሮፎርማ ሰጡኝ። 120,000 ብር። በየዓመቱ ደግሞ 35,000 «ለጥገና»። ምኑ እንደሚጠገን ስጠይቅ «ሲስተሙ» አሉኝ።

እኛ ለአንድ ለቅሶ ለቤተሰቡ የምንሰጠው 15,000 ብር ነው። ስለዚህ ዌብሳይቱ ስምንት ለቅሶ ነው። ጥገናው በየዓመቱ ሁለት ለቅሶ ከሲሶ። ይህን ለዳኛችን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ሰው ሲሞት ማስታወቅ። መተዳደሪያ ደንባችን 14 ገጽ ነው፣ ሁሌ ይጠየቃል፤ እሱን ማስቀመጥ። ድንኳን፣ 300 የፕላስቲክ ወንበር፣ ብረት ድስትና ትሪ አለን፤ ለሠርግም ለተዝካርም እናከራያለን። የገቢያችን ግማሽ ከዚያ ስለሆነ ሰው እንዲያውቀው እንፈልጋለን። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ደግሞ የእናት አባታቸውን መዋጮ ይልካሉ። «ገባ ወይ?» እያሉ ይደውሉልኛል። አንዷ ከቤሩት፣ አንዱ ከዴንቨር። የዴንቨሩ ሁሌ በሌሊት ነው የሚደውለው።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ ዋጋው ልክ ነው? በነፃ ይሆናል የሚሉም አሉ፣ እውነት ነው? የገንዘብ ያዣችን የእህት ልጅ «እኔ በስሜ አስመዝግቤ በነፃ እሠራዋለሁ» ብሏል። ጎበዝ ልጅ ነው። እሺ ልበለው?

ኮደሩ

ጋሼ፣ የእኔም እንጀራ ይህ ስለሆነ ቢሮዎቹን አልሰድብም። አባል በይለፍ ቃል ገብቶ ሒሳቡን የሚያይበት፣ ክፍያ የሚቀበል ነገር ከሆነ የወራት ሥራ ነው። 120 ሺህ ይበዛበታል አልልም። እርስዎ የዘረዘሩት ግን አራት ገጽ ጽሑፍና ጥቂት ፎቶ ነው። የሰርቪስ ቤት ለመሥራት የፎቅ ፕሮፎርማ ነው የተሰጠዎት።

የሚከፈለው ለሦስት ነገር ነው፤ ለስሙ፣ ለቤቱና ለሥራው። ስሙ ዶሜይን ይባላል። በ«ዶት ኦርግ» ወይም በ«ዶት ኮም» የሚያልቀው በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ሲገዙ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ አይስሙ፤ የእድሳቱን ይጠይቁ። በ1 ዶላር አስገብቶ በሁለተኛው ዓመት የሚገፍፍ ሞልቷል። በብር ስንት ነው ካሉኝ የዕለቱን ምንዛሪ አይተው ያባዙት፤ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ እኔ ዛሬ የምነግርዎት ቁጥር ለሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። ከዚህ ሆኖ በዶላር ካርድ መክፈል ያስቸግራል። በቴሌብርና በባንክ የሚቀበሉ የአገር ውስጥ አስመዝጋቢዎች አሉ። ካልሆነም የዴንቨሩ ልጅ በሌሊት ከሚደውል እሱ ይክፈል። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ እሱን ከፈለጉ የእድሩን ወረቀት ይዘው ይጠይቁ።

ቤቱ ሆስቲንግ የሚባለው ነው። ለእናንተ ዓይነት ገጽ ነፃ ቤት አለ። ጉግል ሳይትስን ይሞክሩ። ጂሜይል ካለዎት ኮድ ሳይጽፉ፣ ወርድ ላይ እንደሚጽፉት እየጻፉና ፎቶ እየጨመሩ ይሠሩታል። የገዙትን ስምም ይቀበላል። ጉድለት አለው፤ መልኩን እንደልብ አይቀያይሩበትም። ነገ ወደ ሌላ ቤት ልዛወር ቢሉም እንደገና መሥራት ነው። ለአራት ገጽ ግን ምን ቸገረዎ። ዎርድፕረስ ዶት ኮም የሚባለው ሌላ የገጽ መሥሪያም ነፃ ደረጃ አለው፣ ግን ማስታወቂያ ይለጥፋል። ከለቅሶ ዜና ሥር የጫማ ቅናሽ ሲወጣ ደስ አይልም።

ገጹን አስተማማኝ የሚያደርገውን ሰርተፍኬት፣ ኤስኤስኤል የሚሉትን፣ ለብቻው ካስከፈሉዎት አይክፈሉ። ሌትስ ኤንክሪፕት የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለዓለም ሁሉ በነፃ ያድላል። ጉግል ሳይትስ ላይ ደግሞ ሳይጠየቅ ይመጣል።

የእህት ልጁን ጉዳይ ሌላ ሰው ይመልስ። እኔም የእህት ልጅ ነበርኩ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እኔ ልመልስ ጋሼ፤ ተቃጥዬበታለሁ።

እዚህ ሜሪላንድ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት ትንሽ ማኅበር አለን። ዌብሳይቱን አንድ ደግ ልጅ ሠራልን። በነፃ፣ በስሙ፣ በራሱ ካርድ። እግዜር ይስጠው እያልን አራት ዓመት ኖርን። ከዚያ ሥራ አገኘና ቴክሳስ ሄደ፣ አገባ፣ ካርዱም ተቀየረ። የእድሳት ማሳሰቢያው የሚመጣው ለካ ድሮ ተማሪ እያለ በነበረው ኢሜይል ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ደውላ «ምን ጉድ ነው የለጠፋችሁት?» አለችኝ። ብከፍተው የቁማር ማስታወቂያ! ስሙ ሲወድቅ ሌላ አንስቶታል። ያ አድራሻ በራሪ ወረቀታችን ላይ አለ፣ የልጆቹ ቲሸርት ጀርባ ላይም አለ። አንድ ክረምት ሙሉ ልጆቻችን ቁማር ቤት ሲያስተዋውቁ ከረሙ።

ልጁን አልወቅስም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የማኅበሩን ነገር በአንድ ሰው ኪስ አስቀምጠን «ተመስገን» አልን። የዶሜይን ስም ቀኑ እንዳለፈ ወዲያው አይጠፋም፤ በ«ዶት ኦርግ» በአብዛኛው ከወር በላይ የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ መጨረሻ ላይ ቅጣቱ ይከብዳል እንጂ ይመለሳል። ያንን ሁሉ ጊዜ ኢሜይሉን የከፈተ ሰው የለም።

ስለዚህ የእህት ልጁን እሺ ይበሉት። ግን ይሥራ እንጂ አያስመዝግብ። መጀመሪያ ለእድሩ ራሱን የቻለ ጂሜይል ይክፈቱ። የእርስዎ አይደለም፣ የእድሩ። ስሙም ገጹም በእሱ ይመዝገቡ። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ከማኅተሙ ጋር ይቆልፉበት። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክ የእርስዎ ብቻ አይሁን፤ የዳኛውም ይግባ። ጸሐፊ ሲቀየር ቃለ ጉባኤና ማኅተም ትረካከቡ የለ? ይህንንም በፊርማ ተረካከቡ። ስሙን የሦስት ወይም የአምስት ዓመት በአንዴ ክፈሉለት፤ እስከ 10 ዓመት ይቻላል።

ስሙ ደግሞ አጭር ይሁን፣ በስልክ ሲነግሩት የማያሳስት። «እድር» የሚለውን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ኢ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«አይ»፤ አንዱ «ዲ»ውን አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ሌላው ሁለቴ። እኔ ብሆን የሰፈሩን ስም ብቻ እወስድ ነበር። ሰፈሩ ባይኖርም።

ኮተቤ ቁጥር አንድ

ይቅርታ ይደረግልኝና ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ሰው ሞተ ሲባል ማን ነው ዌብሳይት ከፍቶ የሚያየው? እኛም እድር ተበትኖብን ያውቃል። ሞት የሚነገረው በስልክ ነው። እናቴ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው፤ መልእክት እንኳ አታነብም። አንድ ሰው ደውሎ «እትዬ እገሌ አረፉ፣ ቀብር ነገ 6 ሰዓት፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» ሲላት ነው ነጠላዋን የምታነሳው።

እኛ የሠራነው እንዲህ ነው። አባላቱን በሚኖሩበት ከፋፈልን፣ ለየአንዳንዱ ምድብ አንድ ደዋይ ሰየምን። ጸሐፊው ለ9 ደዋይ ይደውላል፣ ደዋዩ ለ20 እና ለ25 ሰው። በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ስማርት ስልክ ላላቸው ቴሌግራም ቻናል ከፈትን። ቻናል ነው ያልኩት፣ የከፈተው ብቻ የሚጽፍበት፤ ሁሉም የሚጽፍበት ግሩፕ አይደለም! ግሩፕ ከከፈታችሁ በየማለዳው በጽጌረዳ የተከበበ «መልካም ቀን» ስትቀበሉ ትውላላችሁ፤ የሞት ዜናው እዚያ መሃል ይቀበራል። ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናል ከሆነ ቴሌግራም የሌለው ሰውም በብራውዘር ያነበዋል።

ዌብሳይቱ ለደንቡና ለድንኳን ኪራዩ ይሁን። ለእሱ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም።

ሌላው። «መዋጮ ገባ ወይ» ለሚሉት ብላችሁ የከፈለና ያልከፈለ ዝርዝር እንዳትለጥፉ። አንድ ሌላ እድር ያልከፈሉትን ስም ከነስልካቸው ለጠፈ። በሳምንቱ አጭበርባሪ በየተራ እየደወለ «ከእድሩ ነው፣ ቅጣት ሳይመጣብዎ በዚህ ቁጥር ያስገቡ» ይል ጀመር። ሁለት እናቶች አስገቡ። ከዚያም በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስምና ስልክ እንደ ድሮው የግድግዳ ማስታወቂያ አይደለም። ለከፈለ ሰው የደረሰኙን ፎቶ ለራሱ ይላኩለት፣ በቃ።

የእድር ጸሐፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 11 ቀን ጠፋሁ፤ ስሠራ ነበር።

የእድሩን ጂሜይል ከፈትን። የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጌ ሣጥኑ ውስጥ ከማኅተሙ ጋር አስቀመጥኩ፤ ዳኛው ፖስታው ላይ ፈረሙበት። የእህት ልጁ መጣ። «በስምህ አይሁን» ስለው ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ተመስገን፣ እኔም በየዓመቱ ላስታውስ ነው ወይ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን ጉግል ሳይትስ ላይ ሦስቱን ገጽ ጨረስን። የወንበሮቹን ፎቶ ሳስገባ ገጹ ኤሊ ሆነ። ልጁ ስልኬ አንዱን ፎቶ 4 ሜጋባይት እያደረገ እንደሚያነሳ አሳየኝ፤ አሳንሶ 200 ኪሎባይት አደረገው፤ ለዓይኔ ልዩነቱ አልታየኝም። ኮዬ ፈጬ ያለ ሰው የወንበር ፎቶ ለማየት የካርድ ብሩን መጨረስ የለበትም።

የተቸገርኩት በደንቡ ነው። ደንባችን በ1993 ተጽፎ በፍላሽ የተቀመጠ የወርድ ፋይል ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። ኮፒ አድርጌ ገጹ ላይ ስለጥፈው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። አንቀጽ 1 «የእድሩ ስም» የሚለው የተረገመ ሰው የጻፈው ይመስላል። ቫይረስ ነው?

የጽሕፈት ቤቷ

ቫይረስ አይደለም ጋሼ፤ የፎንት ነገር ነው። 22 ዓመት አማርኛ ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ። ይህ ፋይል በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣልኛል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በእ.ኤ.አ. 1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ እዚህ የምንጽፍባቸው ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የደበቁ ነበሩ። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ላዩ ላይ የ«ሀ»ን መልክ ያለብሰዋል። ልብሱን ያወለቁ ዕለት ያዩትን ያያሉ። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላለ ለብሶ ይታያል፤ ዌብሳይቱ ላይ ስለሌለ ራቁቱን ቀረ።

መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን እያንዳንዱ የድሮ ፎንት አቀማመጡ የየራሱ ነው፣ እርማትም አይቀርም። 14 ገጽ ከሆነ በአዲስ ቢጻፍ ይሻላል። እኔ ጋ ገጹን በ30 ብር እንጽፋለን። ራሴ እጽፋለሁ ካሉ ኪማን የሚባለውን ነፃ ኪቦርድ ይጫኑ፤ ስልክ ላይ ከሆነ ጂቦርድ አማርኛ አለው። ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሁን፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

አደራ፣ «ስካን አድርጌ በፎቶ ልለጥፈው» እንዳይሉ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ፎቶ ይከብዳል፤ ፊደሉ በስልክ ላይ አይነበብም፤ «ቅጣት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቃሉን አያገኘውም።

ሲጻፍ ደግሞ ቀኖቹን ይመልከቷቸው። ውጭ ያሉት ልጆች በእኛ አቆጣጠር «2018» ሲሉት ይደናገራሉ። ዓ.ም. ብቻ አይበቃም፤ ጎኑ ላይ የፈረንጁንም ያድርጉበት።

የእድር ጸሐፊ

ተጻፈ። 14 ገጽ በ30፣ 420 ብር። ስናነበው አንቀጽ 9 እና አንቀጽ 17 እንደሚጋጩ አየን፤ 24 ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም። እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ጉባኤ ይወስነዋል።

የዶሜይኑን ስም የዴንቨሩ ልጅ የሦስት ዓመት በ40 ዶላር ግድም ገዛው፤ በእድሩ ኢሜይል ነው ያስመዘገበው። በማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት ደውሎ «ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አለ። ቆረጥኩለት። ለእህት ልጁ ምሳ 700 ብር። ከእድሩ ካዝና የወጣው ጠቅላላ 1,120 ብር፤ ከአንድ ለቅሶ 7.5 በመቶ ገደማ። ዳኛው ሦስት ጊዜ አስደመሩኝ።

ኮተቤ፣ ያልከውን አደረግን። 10 ደዋይ ሰይመናል። ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያው ለቅሶ ሆነ፤ ገላን ጉራ ያሉ አንድ እናት አረፉ። በ40 ደቂቃ ሁሉም ሰማ። አያት ያሉት ሚኒባስ ተኮናትረው ከቀብሩ በፊት ደረሱ። ዌብሳይቱ በዚያ ቀን ምንም አልሠራም። ሐሙስ ዕለት ግን የማላውቀው ሰው ደውሎ «ዌብሳይታችሁ ላይ ድንኳን አየሁ፣ ለሰርግ ስንት ነው?» አለ። 150 ወንበርና ድንኳን ወሰደ።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጥሩምባውን ፎቶ አድርገናል፤ ሰዉ በጣም ወደደው። ነፊያችን ደግሞ «አንድ ጊዜ ልንፋና ቅዱት» ብለዋል። ቤቴ መጥተው በ81 ዓመታቸው ነፉት። ጎረቤት ሁሉ ደንግጦ ወጣ፤ ኮንዶሚኒየም ነው። ድምፁን ገጹ ላይ ማስገባት ይቻላል?

ኮደሩ

ይቻላል ጋሼ። የድምፅ ፋይሉን የእድሩ ጉግል ድራይቭ ላይ ይጫኑና ከዚያ ገጹ ላይ ያስገቡት። ሰው ራሱ ተጭኖ ካልከፈተው ግን በምንም ዓይነት እንዳይጮኽ። ለወንበር ኪራይ የገባ ሰው ማን ሞተ ብሎ ይደነግጣል።